ልጆች ሲያስቁን የምንሠራቸው ስህተቶች

የሦስት ዓመት ልጅ ያለበት ቤት ሳቅ አይጠፋም። ጠዋት ከአልጋው ሳይወርድ "ሕልሜ ውስጥ አንቺም ነበርሽ፣ ለምን ከረሜላውን አልሰጠሽኝም?" ብሎ እናቱን ይከሳል። የግራ ጫማውን በቀኝ አድርጎ "እግሬ ተጣመመ" ይላል። የአያቱን ነጠላ መሬት ለመሬት እየጎተተ ሳሎን ይገባና "ቤተ ክርስቲያን ሄጄ መጣሁ፣ ለሁላችሁም ጸልያለሁ" ብሎ ሶፋው ላይ ይጋደማል።

ችግሩ የሚመጣው ከእኛ ከትልልቆቹ ነው። ልጅ የሚያስቅ ነገር በተናገረ ቁጥር አንድ ነገር እናደርጋለን። እንስቃለን፣ እንቆጣለን፣ ስልካችንን እናነሳለን፣ ለጎረቤት እናወራለን። እሱ ደግሞ ዝም ብሎ ያየናል። የሚያስበውን መናገር ጥሩ መሆኑን፣ ወይም አፍን ዘግቶ መቀመጥ እንደሚሻል የሚማረው እኛን እያየ ነው። ልጅ ያሰበውን ሳይፈራ የሚያወራበት ቤት እንዲበዛ ስለምፈልግ በየቤቱ ደጋግሜ የማያቸውን ስህተቶች አንድ በአንድ ልጻፋቸው። መሳቅ ኃጢአት ነው እያልኩ አይደለም። አብረን እንሳቅ።

"ሊያስቀን ብሎ ነው" ማለት

ልጁ አብዛኛውን ጊዜ የምሩን ነው። ማታ በመኪና ስትሄዱ "ጨረቃዋ እየተከተለችን ነው" ካለ፣ በእርግጥ እየተከተለችው ነው የሚመስለው። ስዊዘርላንዳዊው የሥነ ልቦና ሊቅ ዣን ፒያዤ ከመቶ ዓመት ገደማ በፊት ትንንሽ ልጆችን ቁጭ አድርጎ ሲጠይቅ የነገሩት ይህንኑ ነው።

ከፒያዤ ሙከራዎች አንዱን እቤታችሁ መሞከር ትችላላችሁ። ሁለት እኩል ብርጭቆ ውስጥ እኩል ውሃ ቅዱና ለአራት ዓመት ልጅ አሳዩት። "እኩል ነው" ይላል። ከዚያ አንዱን እዚያው ፊቱ ወደ ቀጭንና ረጅም ብርጭቆ ገልብጡት። "አሁን ይሄኛው በዛ" ይላችኋል፤ ብዙ ልጆች ይህን የሚተዉት ስድስት ሰባት ዓመት ሲሆናቸው ነው። ስለዚህ ያችኑ አንድ ዳቦ ለሁለት ስትቆርጡለት "አሁን ብዙ ሆነልኝ!" ብሎ የሚደሰተው ልጅ ሞኝ አይደለም። በዓይኑ ያየውን ነው የተናገረው።

ቋንቋውም ላይ እንደዚሁ ነው። እናቷ ቀኑን ሙሉ "ነይ፣ ብዪ፣ ተኚ" የምትላት ልጅ አባቷን "አባዬ ነይ!" ብትለው አይገርምም። ሲጠሩ የሰማችው እንደዚያ ነው። "ና" በማለት ፋንታ "ምጣ" የሚልም አለ። ሌላው ሁሉ በሕጉ ሲሄድ "መጣ" ብቻ ለምን እንደሚያፈነግጥ እሱ በምን ያውቃል? ጂን ቤርኮ የምትባል አሜሪካዊት ተመራማሪ በ1958 እንደ ፈረንጆቹ ለልጆች የማይታወቅ ፍጡር ሥዕል አሳይታ የፈጠራ ስም አወጣችለት። ከዚያ "ሁለት ሲሆኑስ?" ብላ ጠየቀች። ልጆቹ በሕይወታቸው ሰምተውት የማያውቁትን ቃል በብዙ ቁጥር ሠርተው ነገሯት። ይህ መድገም አይደለም፣ ሕጉን ማወቅ ነው።

እንዲህ ዓይነት ነገር ስትሰሙ "እንዴት አወቅህ?" ብላችሁ ጠይቁ። ከመጀመሪያው አባባል የበለጠ የሚጣፍጠው መልሱ ነው። ጨረቃዋ ለምን እንደምትከተለው ጠይቁትና ስሙ።

ኮልታፋውን ቃል መውረስ

ልጁ "ተየሜላ" ይላል። ይጥማል። አባት "ተየሜላ" ይላል፣ አክስት "ተየሜላ" ትላለች፣ ሠራተኛዋም "ተየሜላ"። አሁን ልጁ "ከረሜላ" የሚለውን ቃል ከማን ይስማ? በሌላኛው ጫፍ ደግሞ "ተየሜላ አይባልም! ከ-ረ-ሜ-ላ በል!" እያሉ በየቃሉ የሚያስጨንቁ አሉ። እንዲህ የተደረገ ልጅ ቃሉን ሳይሆን መናገሩን ይተዋል።

መፍትሔው ቀላል ነው። "ከረሜላ ፈለግክ? ከረሜላው አልቋል፣ ሙዝ ልስጥህ?" በሉት። ትክክለኛውን ቃል ሁለቴ ሰማ፣ ማንም አልተቆጣውም። "ረ" ብዙ ልጆች ላይ ዘግይታ የምትመጣ ድምፅ ስለሆነች አትጨነቁ። ሁለት ዓመት ሞልቶት እንደ "አባዬ መጣ" ያለ ሁለት ቃል አገጣጥሞ የማይናገር ከሆነ ግን፣ "አባቱም አፉን የፈታው ዘግይቶ ነው" እያላችሁ አትጠብቁ። ሐኪም ጋ ውሰዱትና ጆሮውም ይታይ።

"እስቲ ለእንግዶቹ ድገመው"

ጠዋት ወጥ ቤት ውስጥ የተናገረውን ከሰዓት ሳሎን ውስጥ እንዲደግም ማዘዝ። ልጁ መጋረጃ ውስጥ ይደበቃል። "አታፍርም? ጠዋት እንዴት እንዳሳቀኝ ብታዩ!" ይባላል። አንዱ እንግዳ ብር ያወጣል። ሌላው "እስክስታ ይምታ እንጂ" ይላል። ጨዋታው ሥራ ሆነ ማለት ነው።

ነገሩ የሚያስቀው ሳያስበው ስለተናገረው ነበር። ማውራት ከፈለጋችሁ ራሳችሁ አውሩት፣ እሱ በሌለበት። እሱ ካለ ደግሞ "ጠዋት ያልከውን ለእትዬ ልንገራት?" ብላችሁ ጠይቁት። "አይሆንም" ካለ አይሆንም። ይህቺ ትንሽ ጥያቄ ናት፣ ግን የራሱ የሆነ ነገር እንዳለው ይማርባታል።

ስድብ አስተምሮ መሳቅ

ይሄኛው ያናድደኛል። ገና አፉን ያልፈታ ልጅ ጉልበት ላይ አስቀምጦ "በላት፣ 'ደደብ' በላት!" የሚል አጎት በየቤቱ አለ። ልጁ "ደደ" ሲል ቤቱ ይናጋል፤ ይጨበጨብለታል፣ ይሳማል። ልጁም ይህቺ ቃል ሁሉንም ሰው የምታስደስት ቃል ናት ብሎ ይይዛታል። አምስት ዓመት ሞልቶት ኬጂ ሲገባ ያችኑ ቃል ለመምህርቷ ይላታል። ወላጅ ተጠርቶ ይመጣል፣ ማታ ልጁ ይገረፋል። አጎትየው ግን የለም።

ልጁ የተማረውን ነው ያቀረበው። ትልልቆቹን ከአሁኑ አስቁሙ፤ "አጎቱ ነው፣ ቅር ይለዋል" አትበሉ። ከመንገድ ሰምቶ ይዞት የመጣ ስድብ ከሆነ ደግሞ ፊታችሁን አትለውጡ፣ አትሳቁም፣ አትጩሁም። "ይሄ ሰው ያስከፋል፣ እኛ ቤት አንለውም" ይበቃል። ካልተሳቀበትና ካልተጮኸበት ብዙ አይቆይም።

እውነት ስለተናገረ መቆንጠጥ

ቡና ተፈልቷል። ፈንዲሻው ተበትኗል፣ ቶናው እየተቀዳ ነው። አራት ዓመት የሆናት የቤቱ ልጅ ጎረቤቲቱ ጉልበት ላይ ተደግፋ ፊቷን ትክ ብላ ታያለች። ከዚያ በደስታ፣ "እማዬ እኮ አንዴ ከገባች አትወጣም ብላናለች። እውነት ነው? እኛ ቤት ነው የምታድሪው? አልጋዬ ላይ መተኛት ትችያለሽ" አለቻት። እናት ስኒ እንደያዘች ደርቃ ቀረች። ዓይኗን አጉረጠረጠች። ጎረቤቲቱ ለመሳቅ ሞከረች። ቆይቶ ልጅቷ ጓዳ ተጠራች፣ እዚያ ጆሮዋ ተቆነጠጠ።

ልጅቷ ያደረገችውን እንየው። የሰማችውን አመነች። እንግዳዋን ስለወደደቻት ደስ አላት። አልጋዋን ሰጠች። በእሷ በኩል የጎደለ ነገር አላይም። ቁንጥጫው ያስተማራት ሰው እንዳይከፋው መጠንቀቅን አይደለም። እናቷ ሰው በሌለበት የምትለውና ሰው ፊት የምትለው የተለያየ መሆኑን፣ ይህንንም መንገር እንደሚያስመታ ነው። ጥፋቱ የእናቲቱ ስለሆነ ይቅርታውም የእሷ መሆን ነበረበት፤ ለጎረቤቷ "ደክሞኝ የተናገርኩት ነው፣ ይቅርታ"፣ ለልጅቷ ደግሞ ማታ ቁጭ ብሎ "እንደዚያ ማለት አልነበረብኝም"።

ስልኩም እንደዚሁ ነው። አባት "የለም በል" ይላል። ልጁ አንስቶ "አባዬ 'የለም በል' ብሎኛል" ይላል። እኔ የማውቀውን ሌላው ሰው ላያውቀው ይችላል የሚለው ነገር ለልጆች በደንብ የሚገለጥላቸው አራት ዓመት ገደማ ነው። ከዚያ በፊት ውሸት አስተባብሮ መያዝ ከአቅማቸው በላይ ነው፤ እንዲዋሹ ማዘዝ ደግሞ በየትኛውም ዕድሜ ጥሩ አይደለም።

ታክሲ ውስጥ ጮክ ብሎ "እማዬ፣ የዚህ ሰውዬ ፀጉር የት ሄደ?" ሲልስ? ማፈር ያለ ነው። ግን "ዝም በል!" ብላችሁ አፉን ስትይዙት የሰውየው ራስ የሚያሳፍር ነገር እንደሆነ ለታክሲው ሁሉ ነገራችሁ። ረጋ ብላችሁ "አንዳንድ ሰው ሲያድግ ፀጉሩ ያልቃል፣ የአጎትህም እንዲሁ ነው" በሉት። ብዙ ጊዜ ሰውየው ራሱ ይስቃል። በዊልቸር የሚሄድ ወይም በነጭ ዘንግ የሚመራ ሰው አይቶ ሲጠይቅም መልስ ስጡት። የሰው አካል ጉዳት በሹክሹክታ የሚወራ ነገር ነው ብሎ እንዳያድግ። እቤት ስትደርሱ "ስለ ሰው መልክ የምትጠይቀኝ ነገር ካለህ በጆሮዬ ንገረኝ" ብትሉት ይገባዋል።

ለሳቅ ብሎ ማስፈራራትና ማስለቀስ

"ብላ፣ አለዚያ ቁራሌው ይወስድሃል።" "ተኛ፣ ጅብ መጣ።" "ዶክተሩ መርፌ ይወጋሃል።" ልጁ ዓይኑን ሲያፈጥ ፊቱ ስለሚያስቅ ይደገማል። በኋላ ግን ቁራሌው በሰፈሩ ባለፈ ቁጥር አልጋ ሥር የሚገባው ልጅ የኛው ነው። ክትባት ቀን ጤና ጣቢያው በር ላይ መሬት ላይ የሚንከባለለውም እንዲሁ። ቁራሌውም እንጀራውን ፍለጋ የሚዞር ሰው ነው፤ ልጆች ሲያዩት የሚሸሹት ለምን ይሁን?

"አንተ እኮ ከወንዝ ያገኘንህ ነህ" የሚለው ደግሞ የባሰ ነው። ትልልቆቹ የሚጠቃቀሱበት ቀልድ ነው፣ ልጁ ግን የእውነት ያምናል። ታናሽ ሲወለድ "በቃ፣ ከእንግዲህ እናትህ አትወድህም" ብሎ የሚያሽሟጥጥ ዘመድ ካለ፣ እዚያው ልጁ ፊት "ይሄ ውሸት ነው" በሉት። "እናትህን ነው አባትህን የምትወደው?" የሚለውንም ጥያቄ ባንጠይቅ ደስ ይለኛል። "ኬክ" ብሎ የመለሰ ልጅ አውቃለሁ። ጎበዝ፣ አመለጣቸው። ሁሉም ግን ማምለጥ አይችልም። አንዱን ከመረጠ የሌላውን ፊት ያያል።

ሞት ላይ ማድበስበስ

በእኛ አገር ድንኳን ለሰርግም ለለቅሶም ይተከላል። ስለዚህ ልጁ ግቢው ውስጥ ድንኳን ሲያይ "ሰርግ! ሰርግ!" ብሎ ቢያጨበጭብ ትክክል ነው። ያየው ድንኳን ሁሉ የሚጨፈርበት ነበር። በዚያች ሰዓት አንዱ በቁጣ ይጎትተዋል፣ ሌላው "ምን ገብቶት፣ ተዉት" ይላል። ማንም አያስረዳውም።

"አያትህ ተኝታለች" ከተባለ "መቼ ነው የምትነሳው?" ይላል። ማታ መተኛት ሊፈራም ይችላል። "አሜሪካ ሄደች" ከተባለ "እንደውልላት" ይላል፣ ሳትስመው ስለሄደችም ይቀየማታል። ሰዎች ይህን ሲሰሙ እንባቸው እየመጣ ይስቃሉ፣ ለለቀስተኛውም ያወሩታል። ልጁ ግን እየጠበቀ ነው።

እውነቱን በአጭር ቃል ንገሩት። "አያትህ ሞታለች። ሰው ሲሞት ሰውነቱ መሥራት ያቆማል። አይተነፍስም፣ አይርበውም፣ አያመውም። ተመልሳ አትመጣም። እኛም ስለናፈቀችን ነው የምናለቅሰው።" ስለ ሰማይና ስለ ነፍስ ቤታችሁ የሚያምነውን ከዚያ ቀጥላችሁ ንገሩት። ልጁ ሰምቶ ሲያበቃ "እሺ፣ ኳሴን ልውሰድ?" ብሎ ቢሮጥ ግድየለሽ አይደለም፤ በዚህ ዕድሜ ሐዘን የሚመጣው በቁራጭ በቁራጭ ነው። ነገ "ለፋሲካ ትመጣለች?" ይላችኋል። ሞት መመለሻ የሌለው መሆኑ ለትንንሽ ልጆች በአንዴ አይገባም። ያንኑ መልስ፣ በዚያው ቃል፣ እንደገና ስጡት።

መጀመሪያ ቪዲዮ፣ ከዚያ ልጁ

ፊቱን ዱቄት የቀባ ልጅ ቢቀረጽ ችግር የለም። አንዳንዱ የሚያስቅ ነገር ግን አደጋ ነው፤ ስልክ የሚፈልገው እጅ መጀመሪያ ልጁን ይያዝ።

ሽምብራ ወይም ባቄላ አፍንጫው ውስጥ የከተተ ልጅ "ጠፋብኝ" ብሎ ይመጣል። ያስቃል። በጣት ወይም በፀጉር ሽቦ ለማውጣት አትሞክሩ፤ ወደ ውስጥ ይገፋል። ጥራጥሬ ደግሞ እርጥበት ሲያገኝ ያብጣል፣ ስለዚህ ሳታቆዩ ጤና ተቋም ውሰዱት። ከሪሞት ወይም ከአሻንጉሊት የወጣች ክብ ጠፍጣፋ ባትሪ ከዋጠ ወይም አፍንጫው ከከተተ ድንገተኛ አደጋ ነው። የተዋጠች ባትሪ ጉሮሮ ላይ ከተሰካች በሁለት ሰዓት ውስጥ እንኳ ልታቃጥለው ትችላለች።

በየቤታችን ያለው ትልቁ ጥፋት ግን በረኪናና ነጭ ጋዝ በባዶ የሃይላንድ ፕላስቲክ አድርጎ ማስቀመጥ ነው። ልጅ ያንን ፕላስቲክ የሚያውቀው ውሃ ሲጠጣበት ነው። አንስቶ እንደ ትልቅ ሰው ጎንጨት ሲል ማየት ያስቅ ይሆናል፣ ውስጡ ያለው ምን እንደሆነ እስክታስታውሱ ድረስ። ከጠጣ እንዲያስመልሰው አታድርጉ። ሲወርድ ያቃጠለው ሲመለስም ያቃጥላል፣ ጋዝ ደግሞ ወደ ሳንባ ይገባል። ፕላስቲኩን ይዛችሁ ወደ ሐኪም ሩጡ። ዛሬውኑ ደግሞ ሁለቱንም እጁ የማይደርስበት ከፍ ያለ ቦታ ላይ አስቀምጡ።

በቲክቶክ መልቀቅ

ቲክቶክ ራሱ 13 ዓመት ያልሞላው ልጅ አካውንት እንዲከፍት አይፈቅድም። እኛ ግን የሦስት ዓመቱን ልጅ በወላጁ አካውንት እናወጣዋለን፤ ፖፖ ላይ ተቀምጦ፣ ገላውን ሲታጠብ፣ አሻንጉሊቱ ተሰብሮበት ሲያለቅስ። ኢትዮጵያ እንደ ፈረንጆቹ በ1991 የተቀበለችው የሕፃናት መብቶች ስምምነት አንቀጽ 16 ልጅም የግል ሕይወቱ የመከበር መብት እንዳለው ይናገራል። ሕጉን እንኳ ብንተወው፣ አሥር ዓመት ሲሞላው የክፍል ጓደኞቹ ያንን ቪዲዮ አግኝተው ቢስቁበት ምን ይሰማዋል? ለአያት መላክና ለማያውቁት ሰው ማሳየት አንድ አይደለም። ራቁቱን የሆነበት፣ የሚያለቅስበት፣ የትምህርት ቤት ዩኒፎርሙ የሚታይበት ከሆነ ቤት ውስጥ ይቅር።

ውጭ አገር ያደገ ልጅ አማርኛ ላይ መሳቅ

ቅዳሜ ነው፣ የቪዲዮ ጥሪ ነው። አንዷ አሜሪካ፣ ሲልቨር ስፕሪንግ ውስጥ ያደገች ትንሽ ልጅ ስልኩን ተቀብላ ሴት አያቷን፣ "አያቴ፣ ደህና ነህ? እኔ ዛሬ ስኩል ሄድኩኝ፣ ፈን ነበር" አለች። አዲስ አበባ ያለው ሳሎን በሳቅ ፈረሰ። "ስሟት! ደህና ነህ አለቻት!" ተባለ። የሳቁት በፍቅር ነው፣ ይገባኛል። እሷ ግን ያየችው የሚስቅባት ሕዝብ ነው። በሚቀጥለው ቅዳሜ "ሃይ" ብላ ስልኩን ለእናቷ ሰጠች። የዚያን ቀን ቋንቋው ትንሽ ራቃት።

እነዚያን ቃላት ለማገጣጠም የደከመችውን ድካም አስቡ። አያት እንደ "ተየሜላው" ቢመልሱ ምንኛ ጥሩ ነበር፤ "ደህና ነኝ የኔ ልጅ። ትምህርት ቤት ሄድሽ? ደስ ይል ነበር?" ወላጆች፣ ከመደወላችሁ በፊት ቤተሰቡን አስጠንቅቁ። "እባካችሁ አትሳቁባት፣ ስትናገር ስሟት" በሉ። መሳቅ ያማራችሁ ስልኩ ከተዘጋ በኋላ ሳቁ።

"አልረሳውም" ብሎ አለመጻፍ

ይረሳል። ወር ሳይሞላ "ምን ነበር ያለው?" ትባባላላችሁ። ደብተር ግዙና ቀኑን፣ የልጁን ዕድሜ በዓመትና በወር፣ ምን እየተደረገ እንደነበር ጻፉ። ንግግሩን ሳታርሙ በራሱ አፍ አስቀምጡት። ጥያቄዎቹንም ጻፉ፣ መልስ ያጣችሁላቸውን በተለይ። ማንበብ ሲችል ስጡት፤ "ይሄኛውን አጥፉልኝ" ካለ አጥፉለት። የምትጽፉት ስልክ ላይ ከሆነ ደግሞ ስልኩ ሲጠፋ አብሮ እንዳይጠፋ ለትዳር ጓደኛችሁም ላኩት።